አሮጊቷን ድመት መሸኘት

ድመት ሕመሟን ደብቃ የምትኖር እንስሳ ናት። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል፤ ድመት ግን አልጋ ሥር ገብታ ዝም ትላለች። ባለቤቷ ነገሩ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እኔ ውሪትን በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ ከጎርፍ ቦይ አውጥቼ ነው ያሳደግኋት። የተለየችኝ በ2016 ዓ.ም. ነው። የ16 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ወደ 80 እንደምትጠጋ የእንስሳት ሐኪሞች ያሰላሉ። ክሬም ፐፍ የተባለችው የቴክሳስ ድመት 38 ዓመት ከ3 ቀን ኖራ እ.ኤ.አ. በ2005 ሞታለች፤ እንዲህ ያለው ዕድሜ ግን ብርቅ ነው።

ያረጁ ድመቶችን በብዛት ከሚያጠቁት ሕመሞች ዋነኛው የኩላሊት መድከም ነው። ድመቷ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ሽንቷ ይበዛል፣ ትከሳለች፣ ጸጉሯን መላስ ትተዋለች፣ አፏም መጥፎ ጠረን ያመጣል። ክፋቱ፣ በደም ምርመራ ክሬያቲኒን ከፍ ብሎ ሲታይ ኩላሊቷ ሦስት አራተኛ የሚሆን አቅሙን ማጣቱ ነው። ስለዚህ ድመቷ 10 ዓመት ካለፋት ሳትታመምም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ደሟንና ሽንቷን ማስመርመር ይበጃል። የተጎዳው ኩላሊት አይመለስም። ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብና ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጨምራል። ለውሪት አንድ ዓመት ከአራት ወር ጨምሮላታል።

እዚህ ላይ ጮክ ብዬ የምናገረው ነገር አለ፦ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ መድኃኒቱን አብላልቶ የማስወገድ አቅም ስለሌለው፣ እኛ ለራስ ምታት የምንውጣት አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ልትገድላት ትችላለች። ኢቡፕሮፌንም ኩላሊቷን ይጎዳል። «ትንሽ ቆርሰህ ስጣት» የሚል ጎረቤት አይጠፋምና ይጠንቀቁ።

ከባዱ ጥያቄ «መቼ ነው በቃ የሚባለው?» የሚለው ነው። አሊስ ቪያሎቦስ የተባሉት አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ የሚሆን መለኪያ አሳትመዋል። ሕመም፣ ምግብ፣ የሰውነት ፈሳሽ፣ ንጽህና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ መቻልና የደህና ቀናት ብዛት እያንዳንዳቸው ከ10 ይታረማሉ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው መቀጠል ይችላል። እኔ ከዚህ ሁሉ የመጨረሻውን ወድጄዋለሁ። በግድግዳው ካሌንደር ላይ ደህና የዋለችበትን ቀን በሰማያዊ፣ የከፋባትን በቀይ ምልክት አደርግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቀዩ በዛ። እናቴ መጀመሪያ «ነፍስ የፈጣሪ ናት፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላን ነበር። ውሪት ወደ አሸዋዋ ለመሄድ ተነሥታ መንገድ ላይ ስትወድቅ ካየች በኋላ ግን «እንግዲህ አታሰቃዩአት» ያለችው እሷው ናት።

መርፌ ሲባል ብዙ ሰው የሚታወሰው የመንገድ ውሾች የሚገደሉበት ስትሪክኒን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ስትሪክኒን እንስሳው እያወቀ በመንዘፍዘፍ ይገድላል። በሕክምናው አሠራር ግን በቅድሚያ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ፔንቶባርቢታል በደም ሥር ይገባል። በሰከንዶች ውስጥ ራሷን ትስታለች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልቧ ይቆማል። ዓይኗ ክፍት ሆኖ ሊቀር፣ ሽንቷ ሊያመልጣት፣ ከሞተችም በኋላ ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሊታይ ይችላልና ልጆች ካሉ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ እጠቀማለሁ የሚል ሐኪም ካለ፣ ያ መድኃኒት የሚፈቀደው ድመቷ ሙሉ በሙሉ ከደነዘዘች በኋላ ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መጠየቅ ነውር የለውም። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ስለሆነች የሐኪሞቻችንም ልምድ በብዛት በላምና በበሬ ላይ ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ከተገኘ ደግሞ ለድመቷ ይሻላታል። ውሪት የሄደችው እናቴ ጋቢ ላይ ተኝታ ነው። ሄሮዶቱስ የጥንት ግብፆች ድመት ሲሞትባቸው ቅንድባቸውን ይላጩ እንደነበር ጽፏል። እኛ አልተላጨንም፤ ቤቱ ግን ለቀናት ለቅሶ ቤት መስሎ ሰነበተ።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። ድመቷ በድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ሰው ነክሳ ወይም ቧጥጣ ከሞተች፣ በእርጅና ነው ብሎ መቅበር አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእንስሳውን ምርመራ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሂዳል።

ቀብሩም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ፔንቶባርቢታል በሬሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሬሳውን የበላ ውሻ ወይም ጥንብ አንሳ ይመረዛል። ቆሻሻ መጣያ ላይ መጣል ስለዚህ ከነውርነቱም ሌላ አደጋ ነው። ጅብ ሌሊት በሚዞርበት የአዲስ አበባ ዳርቻ ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሜትር መጥለቅ፣ ከላዩም ድንጋይ መደረብ አለበት። የእኛን ዘበኛው ቆፈረልን፤ ድንጋዩን እናቴ መረጠች።