በክረምት ዕረፍት ከልጆች ጋር ምግብ ማብሰል፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች አብዛኛውን ቀን ቤት ይውላሉ። ዝናብና ብርድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ እሳት ወዳለበት ይሰበሰባሉ። ልጆችን ከማድ ቤት ማባረር አያስፈልግም፤ ለዕድሜያቸው የሚሆን ሥራ መስጠትና ከእሳቱ ማራቅ ግን ያስፈልጋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ልጆች ራሳቸው ያጠቡትንና የቀነጠሱትን ጎመን ለመቅመስ የበለጠ ፈቃደኛ ይሆናሉ። ሲሰፍሩና ሲቆጥሩ ሒሳብ ይለማመዳሉ፤ ንጽሕናንም በተግባር ይማራሉ። ሥራው ለሴቶች ልጆች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ወንዶቹንም ያሳትፉ።

ከመጀመርዎ በፊት

• ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ። ጥሬ ሥጋ ወይም እንቁላል ከነካችሁ በኋላም እንደገና ታጠቡ።
• በክረምት ጎርፍ የጉድጓድና የምንጭ ውሃን ሊበክል ይችላል። ንጽሕናውን ካላመኑት አፍልተው ይጠቀሙ።
• ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ልጅ ካቆመለት በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ምግብ አያዘጋጅ።

በዕድሜያቸው ምን ይሥሩ?

• ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ አትክልት ማጠብ፣ ጎመን መቀንጠስ፣ የበቆሎ እሸት ሽፋን መግፈፍ። ጥራጥሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ሊከቱ ስለሚችሉ ምስርና ሽምብራ ይዘው ብቻቸውን አይተዋቸው።
• ከ6 እስከ 8 ዓመት፦ ምስር መልቀም፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች መላጥ፣ ዱቄት መስፈር።
• ከ9 እስከ 12 ዓመት፦ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ ሽንኩርት መክተፍና ወጥ ማማሰል። በርበሬና ሚጥሚጣ ከነኩ ዓይናቸውን እንዳያሹ ይንገሯቸው፤ ዓይናቸው ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡት።

ዕድሜ መነሻ ብቻ ነው፤ የልጅዎን ጠባይና ጥንቃቄ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሕመሙ እሳት አጠገብ ቢነሣበት ክፉኛ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከሥራው አያግሉት፤ ከምድጃ ርቆ ተቀምጦ የሚሠራውን ይስጡት።

እሳትና ትኩስ ነገር

• መሬት ላይ የሚቀመጥ ምድጃ ለትንንሽ ልጆች በጣም አደገኛ ነው። ቢቻል ከፍ ባለና በማይነቃነቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ ካልተቻለ ልጆች የማያልፉትን ወሰን ያብጁ።
• የመጥበሻ እጀታ ወደ ውጭ አይውጣ። ሕፃን አቅፈው ወይም አዝለው የፈላ ነገር አያንሡ።
• በር ዘግተው ቤት ውስጥ ከሰል አያንድዱ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ነገር ግን ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ፤ ሕክምናም ፈልጉ።
• ላምባ በውሃ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ልጅ ከጠጣው እንዲያስታውክ አያድርጉ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ልጅ ቢቃጠል

1. ከእሳቱ ወይም ከትኩሱ ነገር ያርቁት። ልብሱን፣ አምባርና ቀለበቱን ያውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ግን አይላጡ።
2. የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ያልብሱት።
3. በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና ወይም ሊጥ አያድርጉበት። እነዚህ ቁስሉን ያባብሳሉ ወይም ለብክለት ይዳርጋሉ።
4. ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑት።

ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሚበልጥ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ የደረሰ፣ ውሃ የቋጠረ፣ ወይም ቆዳውን ያነጣ ወይም ያጠቆረ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በኤሌክትሪክ የተቃጠለ ወይም ጭስ የሳበ ልጅም መታየት አለበት። ልጁ ገና ሕፃን ከሆነ ትንሽ ቃጠሎም ቢሆን ለሐኪም ያሳዩ።

ምግቡ ከወጣ በኋላ

የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አያቆዩ። እንደገና ሲበላ በደንብ እስኪፍለቀለቅ ያሙቁት። ከዚያ ልጆቹ ያበሰሉትን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ብሉ።