ፊደላችን በቼሪ ጎዳና

በሲያትል ቼሪ ጎዳና ሲያልፉ ከምግብ ቤት በር በላይ የተጻፈውን የአማርኛ ፊደል ቆም ብለው አይተውት ያውቃሉ? የዚያ ጽሑፍ ዘሩ ሩቅ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ዋናውን ቃል በጥቁር፣ የቅዱሳንን ስምና የክፍሉን መግቢያ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ አንባቢም የት እንደሚጀምር ዓይኑ ይመራዋል። ዛሬ ግራፊክ ዲዛይን የምንለው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ የተወለዱት ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በኋላም በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ይህንኑ ፊደል እየዘረጉና እየጠመዘዙ ሥዕል አደረጉት።

ታዲያ ልጅዎ ማንበብ ባይችል እንኳ ከዚያ በር ላይ «ም»ን ያሳዩት፤ በጣቱም ይከተላት። ፊደሉ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል፤ ለልጆቻችን ማድረሱ የእኛ ፋንታ ነው።