የኬሚስትሪ ትምህርት በቻይና ቋንቋ፤ የስም አወጣጡ ታሪክ

ስለ ኬሚስትሪ ትምህርትና ስለ ቻይና ቋንቋ በአንድነት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አንድ አገር የውጭውን ዕውቀት በኰሌጅ ለማስተማር ሲነሣ፣ ላቦራቶሪው ገና ሳይሠራ የሚገጥመው ጥያቄ «ይህ ነገር በቋንቋችን ምን ይባላል?» የሚለው ነው። ቻይናውያን ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ መመርመር፣ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ ለምንማር ተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቻይና በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦር ተሸንፋ በ1860 ውል ከተዋዋለች በኋላ፣ መንግሥቱ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ አስተርጓሚዎች አስፈለጉት። ስለዚህ በ1862 በፔኪንግ ቶንግዌን ጓን የሚባል የቋንቋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልዑል ጎንግ ሒሳብና ሥነ ፈለክ ይጨመርበት ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አስተማሪ የነበረው ሊቁ ዎሬን በ1867 አጥብቆ ተቃወመ። የመንግሥት መሠረቱ ሥርዓትና ምግባር እንጂ የእጅ ጥበብ አይደለም፤ ባዕድንም መምህር ማድረግ አይገባም የሚል ነበር ክርክሩ። ሐሳቡ ተቀባይነት ባያገኝም ብዙ ምሁራን ወደ ትምህርት ቤቱ መግባትን አፈሩ። ዎሬንን እንደ ሞኝ መቍጠር ግን ትክክል አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሹመት የሚገኘው የጥንቱን መጻሕፍት አጥንቶ የመንግሥቱን ፈተና በማለፍ ስለ ነበረ፣ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው በትምህርቱ የሚያገኘው ማዕርግ አልነበረም።

በ1869 አሜሪካዊው ዊልያም ማርቲን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ኬሚስትሪንም የሚያስተምረው አናቶል ቢለካን የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። በ1876 የወጣው የ8 ዓመት ፕሮግራም የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ለቋንቋ ብቻ ሰጥቶ፣ ከዚያ ሒሳብን፣ ፊዚክስንና መካኒክን በየተራ አስገብቶ፣ ኬሚስትሪን በ7ኛው ዓመት አስቀመጠ። ዕድሜአቸው ገፍቶ የውጭ ቋንቋ መማር ለማይችሉት ደግሞ በትርጉም መጻሕፍት ብቻ የሚማሩበት የ5 ዓመት ፕሮግራም ተዘጋጀላቸው። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ለእነዚህ ተማሪዎች በቻይንኛ የተጻፈ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከሌለ ትምህርቱም የለምና።

መጽሐፉን መጻፍ ደግሞ ቀላል አልነበረም። እኛ ኦክሲጅን ወይም ማግኔዚየም የሚለውን ቃል ስንሰማ እንደ ሰማነው በግዕዝ ፊደል እንጽፈዋለን። በቻይና ጽሕፈት ግን እያንዳንዱ ምልክት በራሱ ትርጉም ያለው ቃል ነው። ማግኔዚየምን በድምፁ ለመጻፍ ቢሞከር እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይደረደራሉ፤ የሁለትና የሦስት ንጥረ ነገሮች ውሕድ ሲሆንማ ስሙ አንድ መሥመር ይፈጃል።

ለዚህ ችግር የሚበጀው ዘዴ የተገኘው በፔኪንግ ሳይሆን በሻንግሃይ ነው። በ1865 የተቋቋመው የጂያንግናን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1868 የትርጉም ክፍል ከፈተ። በዚያም ጆን ፍራየር የተባለ እንግሊዛዊና ሹ ሾው የተባለ ቻይናዊ ተገናኙ። ፍራየር አስቀድሞ በዚያው በቶንግዌን ጓን እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር እንጂ በሙያው ኬሚስት አልነበረም። ሹ ሾውም የመንግሥቱን ፈተና ትቶ በእጅ ሥራ የተጠመደ፣ ከጓደኞቹ ጋር የእንፋሎት መርከብ የሠራ ብልህ ሰው ነበር፤ እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ፍራየር መጽሐፉን አስቀድሞ ያነባል፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እየከፈለ በቻይንኛ በቃል ይናገራል፤ ሹ ሾው ይጽፋል። የተጠራጠሩበትን ተወያይተው ያቃናሉ፤ በመጨረሻም ሹ ሾው ብቻውን ጽሑፉን ያሳምራል። የአሜሪካዊውን የዴቪድ ዌልስን የኬሚስትሪ መጽሐፍ በዚህ ዓይነት ተርጕመው በ1871 አወጡ።

ስም ሲያወጡ የተከተሉት ደንብ አጭር ነው። ቀድሞ ስም ያለው አይነካም፤ ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ፣ ብረት፣ እርሳስና ቆርቆሮ በጥንት ስማቸው ቀሩ። ሐኪሙ ቤንጃሚን ሆብሰን በ1855 ባሳተመው መጽሐፍ ለጋዞች የሰጣቸውንም ስሞች ተቀበሉ፤ ኦክሲጅን «መጋቢ አየር»፣ ሃይድሮጅን «ቀላል አየር» ይባሉ ነበር። ለቀሩት አዲስ ምልክት ይሠራል፤ ከግራ «ብረታ ብረት» የሚለው ምልክት ይቀመጣል፤ ከቀኙ ከአውሮፓዊው ስም አንዱን ድምፅ የሚመስል ይጨመራል። ናትሪየም «ና»፣ ማግኔዚየም «ሜይ»፣ ካልሲየም «ጋይ» ሆኑ። ተማሪው ምልክቱን አይቶ ነገሩ ብረታ ብረት መሆኑን ያውቃል፤ ስሙንም በአንድ ትንፋሽ ይጠራዋል።

በፔኪንግ ቢለካን በ1873 ያሳተመው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ያዘ። የንጥረ ነገሩን ጠባይ ወይም የሚገኝበትን ማዕድን በአንድ ምልክት ውስጥ ለመግለጽ ስለ ፈለገ፣ ምልክቶቹ የተጨናነቁ ሆኑ። በሐሳብ ደረጃ የቢለካን ሥራ ይበልጥ ጥልቅ ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚጽፍ መምህርና ለሚገለብጥ ተማሪ ግን ሸክም ነው። የሻንግሃዩ ዘዴ ያሸነፈው በዚህ ይመስለኛል።

እርግጥ፣ ስሙ ተገኘ ማለት ትምህርቱ ሁሉ በቻይንኛ ሆነ ማለት አይደለም። በሚሲዮን ኰሌጆችም ክርክሩ ቀጠለ። በደንግጆው ካልቪን ማቲር ሳይንስን በቻይንኛ ማስተማር አለብን ሲል፣ በሻንግሃይ የቅዱስ ዮሐንስ ኰሌጅ እንግሊዝኛን መረጠ። በ1920ዎቹም ብዙ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያስተምሩ ነበር። ስሞቹም ገና አንድ ወጥ አልነበሩም። በ1932 የቻይና ኬሚስቶች በናንጂንግ ተሰብስበው ማኅበራቸውን መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የትምህርት ሚኒስቴሩ የኬሚካል ስም አወጣጥ ደንብ አወጀ። በደንቡ መሠረት የብረታ ብረት ምልክት ለብረታ ብረት፣ የድንጋይ ምልክት ለጠጣር ኢብረታ ብረት፣ የውሃ ምልክት ለፈሳሽ፣ የአየር ምልክት ለጋዝ ሆነ። ባዜቃ ብረታ ብረት ቢሆንም ፈሳሽ ነውና የውሃ ምልክት ይዞ ይገኛል። «መጋቢ አየር» የነበረው ኦክሲጅንም ትርጉሙን ጥሎ ድምፁን ብቻ በአየር ምልክት ሥር አኖረ። ከፍራየርና ከሹ ሾው ስሞች ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይሠራባቸዋል።

ሹ ሾው በ1884 አረፈ። ፍራየር በ1896 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የምሥራቅ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆነ። ለቻይናውያን ኬሚስትሪን በቻይንኛ ያቀረበው ሰው፣ በስተርጅናው ለአሜሪካውያን ተማሪዎች የቻይናን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተማረ ማለት ነው።

ደንቡ ዛሬም ይሠራል። በ2017 ለአራት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች የቻይንኛ ስም ወጣላቸው። 113ኛውና 115ኛው የብረታ ብረት፣ 117ኛው የድንጋይ፣ 118ኛው የአየር ምልክት ተሰጣቸው። ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች የተገኙት ጥቂት አቶሞች ብቻ ስለ ሆኑና ወዲያው ስለሚፈርሱ፣ 118ኛው ጋዝ ይሁን ጠጣር በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ምልክቱ የተሰጠው በሰንጠረዡ ላይ ከጋዞቹ ተርታ ስለ ተቀመጠ ነው።