ከበቅሎ ኮርቻ እስከ አይሮፕላን አልጋ፤ የመንገደኛ ማዕርግ ታሪክ

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ ዓለም ባንክ የሚባል ሠፈር ይገኛል። ስሙ የታላቅ የገንዘብ ድርጅት ስም ነው፤ ነዋሪው ግን አብዛኛው የወር ገቢውን ቆጥሮ፣ ከዕቁብና ከዕድር መዋጮ የተረፈውን አብቃቅቶ የሚያድር ሕዝብ ነው። ከዚህ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚሄድ መንገደኛ አየር ጤናንና ጦር ኃይሎችን አልፎ፣ በልደታ በኩል ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ያመራል። በዚህም ጊዜ ዛሬም ድረስ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራውን፣ የቀድሞውን የልደታ አይሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በስተቀኙ ትቶ ያልፋል። እንግዲህ መንገደኛው ሳያውቀው የአገራችንን የአየር ጉዞ ታሪክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አቋረጠው ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በዚሁ ሠፈር የገጠመን አንድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት የሞላ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ጎረቤታችን አራስ ልጃቸውን ለማረስ ወደ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሄዱ ሆነ። ልጅቱም «እናቴን ተቀምጣ እንድታድር አላደርግም፤ በቢዝነስ ክላስ ተኝታ ትምጣ» ብላ በስልክ ቁርጥ ነገር ተናገረች። እናትየዋ ግን የዋጋውን ልዩነት በጠየቁና በብር በተሰላላቸው ጊዜ ደነገጡ። በገንዘቡ ወላጅ የሌለው የእኅታቸው ልጅ የሚማርበትን የትምህርት ቤት ክፍያ ከአንድ ዓመት በላይ መክፈል ይቻል ነበር። እናትና ልጅም በዚህ ተኳረፉ። በመጨረሻ የዕድሩ ሽማግሎች ሆነን የምንታወቅ ሦስት ሰዎች «እስቲ እናንተ ፍረዱ» ተብለን ተጠራን። ለመፍረድ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ማዕርግ ያለው መቀመጫ ከየት እንደ መጣና ዋጋውም የምን ዋጋ እንደ ሆነ መመርመር ግድ ሆነብን።

በቀድሞው ዘመን አገራችን ውስጥ የመንገድ ማዕርግ የሚለየው በበቅሎ ነበር። መኳንንቱና ሊቃውንቱ በሰጋር በቅሎ ይቀመጡ፣ ተከታዩ በእግሩ ይሄድ ነበር። የበቅሎዋ ዕቃ ብቻ የባለቤቷን ማዕርግ ከሩቅ ይናገራል። ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ልማድ ነበረ። አብረው ከሚጓዙት መካከል የታመመ፣ ያረጀ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ስትኖር፣ በቅሎው ለርሱ ወይም ለርሷ ይለቀቅ ነበር። ስለዚህ ኮርቻ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ አንደኛው ክብር፣ ሁለተኛው ርኅራኄ። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በገንዘብ የሚገዛ ማዕርግ በሰፊው የታወቀው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። በቅፍለት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ሦስት ቀን ሆነ፤ ባቡሩ በቀን እየተጓዘ ሌሊቱን ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበርና። መንገደኛውም እንደ ከፈለው ገንዘብ በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማዕርግ ይከፈል ጀመር። የበቅሎው ማዕርግ ከትውልድና ከሹመት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የባቡሩ ማዕርግ ግን ገንዘብ ላለው ሁሉ ክፍት ነበረ። ይህ ለጊዜው ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በአንደኛው ማዕርግ የተቀመጠውም ሆነ በሦስተኛው የታጨቀው አዲስ አበባ የሚገባው በአንድ ሰዓት ነበር።

ወደ አየር ጉዞ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጣ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. እርዳታ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 ነበሩ። መቀመጫቸው በግድግዳው ዳርና ዳር የተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ሲሆን፣ ጭነቱ በመካከል ይከመር ነበር። ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ጭነቱን በጉልበታቸው እየነኩ ይጓዙ ነበር። እንግዲህ የአየር መንገዳችን ታሪክ የሚጀምረው ማዕርግ በሌለው መቀመጫ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የአየር ጉዞ ራሱ የባለጸጎች ብቻ ስለ ነበረ ማዕርግ መለየት እምብዛም አላስፈለገም። በ1944 ዓ.ም. የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አትላንቲክን ለሚሻገሩ ሰዎች «ቱሪስት» የሚባል ርካሽ ማዕርግ እንዲኖር ፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የረከሰው «ኢኮኖሚ» ተጨመረ። ስለዚህ መጀመሪያ የተፈጠረው ውድ መቀመጫ አይደለም፤ ርካሹ መቀመጫ ነው። ይህን ማስተዋል ይገባል። ዛሬ ኢኮኖሚ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው፣ አባቱ ፈጽሞ ሊሳፈርበት በማይችለው አይሮፕላን መሳፈሩን አይርሳ።

«ቢዝነስ» የተባለው ማዕርግ የመጣው ከዚህ ሃያ ዓመት ያኽል ዘግይቶ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነበር። አየር መንገዶች መቀመጫቸውን ለመሙላት ሲሉ ለአገር ጎብኚዎች ዋጋ ቀነሱ። ለሥራ የሚመላለሰው ነጋዴ ግን ጉዞውን በድንገት ስለሚቈርጥ ሙሉውን ዋጋ መክፈሉን ቀጠለ። አጠገቡ በግማሽ ዋጋ ከተሳፈረው ሰው ጋር አንድ ዓይነት መቀመጫ ላይ መቀመጡም አስቈጣው። እርሱን ለማባበል መጋረጃ ተጋረደ፤ ምግቡ ተሻሻለ፤ ወንበሩም ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ ወንበሩን ወደ አልጋ ለወጠው። በ1992 ዓ.ም. የእንግሊዙ አየር መንገድ ፈጽሞ የሚዘረጋ አልጋ በቢዝነስ ማዕርግ አስገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ይህ መቀመጫ ከመነሻው የታሰበው የሚከፍልለት መሥሪያ ቤት ላለው ሰው እንጂ ከኪሱ አውጥቶ ለሚከፍል ቤተሰብ እንዳልነበረ ነው። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ የተራውን ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የእኛም አየር መንገድ ከዘመኑ ጋር ተራመደ። በ1950 ዓ.ም. በዲ.ሲ. 6 አይሮፕላን እስከ ፍራንክፈርት መብረር ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታው ሜዳ አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተገዛ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ይህም ባለሁለት ሞተር አይሮፕላን በዚያን ጊዜ ያደረገው ከሁሉ የረዘመ በረራ ሆኖ ተመዘገበ። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. ደግሞ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ከአፍሪካ ሁሉ አስቀድሞ ለአገራችን ደረሰ። የአየር መንገዱ የቢዝነስ ማዕርግ «ክላውድ ናይን» ይባላል፤ ዘጠነኛው ደመና ማለት ነው።

ረጅሙ ጉዞ ግን አንድ የራሱ ጠባይ አለው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ፣ ባለፉት ዓመታት በደብሊን ያደርግ እንደ ነበረው፣ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጠቅላላ ጉዞውም ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሲመለስ ግን ዋሽንግተን ዝቅ ያለ አገር ስለ ሆነ በቀጥታ 13 ሰዓት ያኽል ይበቃዋል። መሄጃው በሌሊት ይነሣል፤ መመለሻው በዚያ አገር ረፋድ ላይ። ለፍርዳችን ይህ ልዩነት እጅግ ጠቀመን።

አሁን ገንዘቡ የሚገዛውንና የማይገዛውን እንለይ። በቅድሚያ የማይገዛውን እንናገር። አየሩ አንድ ነው። በብዙዎቹ አይሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ጋር ይመሳሰላል፤ በድሪምላይነሩ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ የዓለም ባንክ ሰው ይህን አየር በደጃፉ ለምዶታል። የመድረሻው ሰዓትም አንድ ነው፤ እንደ ባቡሩ ማለት ነው። ስለ ጤና የሚባለውም በመጠኑ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የጥናት ውጤት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ያኽል ከፍ እንደሚያደርግ ገልጿል። ነገር ግን አደጋው በአውቶቡስም በባቡርም የሚያጋጥም ሲሆን፣ በጠቅላላው ሲታይ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ ነው። መድኃኒቱም ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ እግርን ማፍታታት፣ ውኃ መጠጣት ነው። ይህ ሁሉ በገንዘብ አይገዛም። ቀድሞ የደም መርጋት ያገኘው ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይማከር መንገድ አይጀምር።

የሚገዛው ደግሞ አለ። እርሱም እንቅልፍ ነው። በተራው ማዕርግ ከአንዱ ወንበር እስከ ሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ያኽል ነው፤ በቢዝነሱ ሰው ቁመቱን ሙሉ ይዘረጋል። ሻንጣም ይጨመርለታል። በርበሬና ሽሮ፣ ድርቆሽና ቡና ለሚሸከም ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጉዞው በማግሥቱ ሥራ የሚጠብቀው፣ ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ሰው በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚያተርፈው ብዙ ነው። ጤነኛና ወጣት ሆኖ ሲደርስ ሁለት ቀን ለማረፍ የሚችል ሰው ግን ያንኑ ገንዘብ በመሬት ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። አባቶቻችን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ማለታቸው እዚህ ላይም ይሠራል።

ይህን ሁሉ ካሰላሰልን በኋላ ልጅቱን በስልክ አነጋገርናት። እኛ ስለ ወንበር ስንናገር እርሷ ስለ ሌላ ነገር ትናገር ነበር። አባቷ ባረፉ ጊዜ የመኖሪያ ወረቀቷ ባለመስተካከሉ ለቀብር መምጣት አልቻለችም ነበር። «ለአባቴ ያላደረግሁትን ለእናቴ ላድርግ ብዬ ነው» አለችን፤ ቀጥሎም ድምፅዋ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ የምንመዝነው ነገር የአንድ ወንበር ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳን። እናትየዋንም «እርስዎ እምቢ የሚሉት ገንዘቡን ነው፤ እርሷ የሚሰማት ግን ስጦታዋን እንደ ናቁባት ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያው አንዱን መንገድ ልቀበላት፤ በሌላው ልጁ ይማርበት» ሲሉ መለሱ።

በዚህ መሠረት ተፈረደ። መሄጃው ሌሊት ስለ ሆነ፣ ረጅምም ስለ ሆነ፣ ሲደርሱም አራስ ስለሚጠብቃቸው በቢዝነሱ ማዕርግ እንዲሆን፤ መመለሻው አጭርና አገር ቤት ዕረፍት የሚገኝበት ስለ ሆነ በተራው፣ በመተላለፊያው ጥግ ባለ ወንበር እንዲሆን፤ የመመለሻው ልዩነትም ለልጁ ትምህርት እንዲውል ነው። ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ።

በደረሱ በሳምንቱ ደወሉልን። በመጀመሪያ በማያውቁት ወንድ ፊት መጋደም ነውር መስሎአቸው ብዙ ሰዓት ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንደ ቈዩ፣ ኋላ ግን ጋቢያቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበው አይሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት እስኪያርፍ ድረስ እንደ ተኙ እየሳቁ አጫወቱን። ጉልበታቸውም እንደ ፈሩት አልሆነም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከላይ በበቅሎው ኮርቻ ያየነው ልማድ በአይሮፕላኑም አልጋ ይሠራል። ለክብር ብቻ የተገዛ መቀመጫ ሲወርዱ የሚቀር ነው። ለደከመ ሰው የተለቀቀ ኮርቻ ግን ከመንገዱ በኋላም ሲታሰብ ይኖራል። ስለዚህ ትኬት ለመቍረጥ የሚሻ ሰው «ማዕርጉ ይገባኛልን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ከመካከላችን በቅሎው የሚያስፈልገው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ እንላለን።