ጥንብና ሬሳ፦ የአንድ የጦርነት ወሬ ታሪክ

ስልካችን ላይ አንድ ፎቶ ይመጣል። የተቃጠለ ቤት፣ የምታለቅስ እናት፣ ከሥሩ ደግሞ «ሰው ከሆናችሁ ሼር አድርጉ!» የሚል ትእዛዝ። ሰው መሆናችንን ለማስመስከር ሼር እናደርጋለን። ከሁለት ቀን በኋላ ፎቶው የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ሆኖ ይገኛል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ይህን ስንት ጊዜ አየን? እኛም ተሸውደን እናውቃለን፤ ያጠፋነውን ፖስት የምናውቅ እኛ ነን።

ፌስቡክን ብቻ እንዳንረግም አንድ የቆየ ታሪክ እናውጋችሁ።

ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኤፕሪል 1917 (እ.ኤ.አ.) የለንደኖቹ ታይምስ እና ዴይሊ ሜይል አንድ ሰቅጣጭ ወሬ ይዘው ወጡ። ጀርመኖች የሞቱባቸውን ወታደሮች በባቡር እየጫኑ ወደ ፋብሪካ ይወስዳሉ፣ አቅልጠውም ስብና የአሳማ መኖ ያወጡባቸዋል የሚል ነበር።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። አንድ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ከግንባሩ ጀርባ ስላየው ፋብሪካ በበርሊን ጋዜጣ ላይ ጥቂት መስመሮች ጽፎ ነበር። ፋብሪካው እውነት ነው፤ ስብ ማቅለጡም እውነት ነው። ችግሩ «ካዳቨር» የምትለው ቃል ላይ ነው። ይህች ቃል በጀርመንኛ በተለምዶ የምትነገረው ለሞተ እንስሳ ነው። እኛ ጥንብን ከሬሳ እንደምንለየው ማለት ነው፤ ለሞተ ፈረስ «ሬሳው መቼ ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። የለንደኖቹ ጋዜጦች ግን ጥንቡን ሬሳ አደረጉት። ከጎኑም የወታደሮች አስከሬን በባቡር ሲጫን የሚተርክ፣ ከቤልጅግ ጋዜጣ የተገኘ ረዥም ጽሑፍ አተሙ። ያቺ አጭር እውነት ለረዥሙ ውሸት ዋስ ሆነችው።

ጀርመን አስተባበለች። ጠላትን ማን ሊሰማ! ስምንት ዓመት አለፈና ዲሴምበር 1925 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስቲን ቻምበርሌን የጀርመንን ማስተባበያ መንግሥታቸው መቀበሉን ለፓርላማ ተናገሩ። ጦርነቱ አልቋል፣ ወሬውም ሥራውን ሠርቷል።

ዕዳው የተከፈለው በኋላ ነው። ኦገስት 1943 (እ.ኤ.አ.) ናዚዎች በፖላንድ ሰዎችን በጋዝ ክፍሎች እየፈጁ ነው የሚል መረጃ ለንደን ደረሰ። የእንግሊዝ የጥምር የስለላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቪክተር ካቨንዲሽ-ቤንቲንክ መረጃውን ሲያይ ያ የስብ ፋብሪካ ውሸት ትዝ እንዳለው ጻፈ፤ የጋዙንም ነገር ተጠራጠረ። በዚያው ሰዓት የጋዝ ክፍሎቹ ሥራ ላይ ነበሩ። የ1917ቱ ውሸት የ1943ቱን እውነት አስጠረጠረው።

እኛም የዚህ ሌላው ገጽታ ደርሶብናል። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ጣሊያን ይህንን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የሆነውን ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ ተቀበሏቸው። ዘመቻው ላይ የነበረው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እንኳ ጋዝ የሚባል ነገር አልነበረም እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን ለፓርላማ ያመኑት በ1996 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሞንታኔሊም ይቅርታ የጠየቀው ያኔ ነው። ስልሳ ዓመት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ይጠራል፣ ግን ተከዜ ዳር ቆዳው የተላጠው ገበሬ ሳይሰማው ሞቷል።

እንግዲህ ሁለት ጉድጓድ አለ ማለት ነው። አንደኛው ያገኙትን ሁሉ ማመን ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ «እኔ አልሸወድም» የምንል የከተማ ልጆች የምንወድቅበት፣ ሁሉንም «ፌክ ነው» ብሎ መገላገል ነው። ለገዳይ ከሁለተኛው የተሻለ ስጦታ የለም፤ መካድ እንኳ ሳያስፈልገው እኛ እንክድለታለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? የ1917ቱ ወሬ ራሱ ያስተምረናል። ቃሉ በመጀመሪያው ቋንቋ ምን ይላል? ተርጓሚው ማነው? የትኛው ክፍል ተረጋግጧል፣ የትኛውስ አብሮ የተጣበቀ ነው? ፎቶው ቀንና ቦታ አለው? ያየው ሰው ራሱ ነው የሚናገረው ወይስ «አሉ» ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ለራሳችን ነው፦ ይኸው ወሬ የኛን ወገን የሚከስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቶሎ እናምነው ነበር?

መልስ ካጣን ጥቂት እንቆይ። ሳናጣራ አናሰራጭ፣ ሳናጣራም ውሸት ነው አንበል። አባቶቻችን «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ለዚህ ነው። እኛ ግን ሐሳቡን ትተን ወሬ እየጨመርንበት ተቸግረናል።