መንጦላዕቱና ጋቢው

ሚያዝያ 6 ቀን በደረሰ ቁጥር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ሞትን መምረጣቸው ይታወሳል፤ ስለ ሽጉጣቸው፣ ስለ ልጃቸው ስለ ልዑል ዓለማየሁና ስለ ብራና መጻሕፍቱም ብዙ ተጽፏል። ከአምባው በወረዱት ንዋየ ቅድሳት መካከል ግን፣ ከወርቁ ዘውድና ከወርቁ ጽዋ ይልቅ ፈትል ለሚያውቁት ለወሎ እናቶች ልብ የሚቀርብ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም በጎንደር ዘመን ተሠርቶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የሐር መንጦላዕት፣ ማለትም የመቅደስ መጋረጃ ነው።

ንጉሡ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ንዋይ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አድባራት ሰብስበው ወደ አምባው እንዳስመጡት ይታወቃል። እንግሊዞች አምባውን በያዙ ጊዜ ወታደሩ ያገኘውን ሁሉ ዘረፈ፤ ዘረፋውም በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና በጨረታ ተሸጠ። ለብሪቲሽ ሙዚየም ይገዛ ዘንድ ገንዘብ ይዞ ከሠራዊቱ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምዝም በዚያ ነበረ።

መንጦላዕቱ ዛሬ የሚገኘው በለንደን በዚሁ ሙዚየም ሲሆን፣ ከመቅደላ የሄደ ሌላ የዚሁ ዓይነት ሥራ ደግሞ በካናዳ፣ በቶሮንቶ ቤተ መዘክር አለ። የለንደኑ መንጦላዕት ቁመት ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ የተሠራውም ዛሬ በየመንደሩ በምናውቀው የሸማኔ ዕቃ ሳይሆን፣ ድሩ በቀዳዳቸው የሚያልፍባቸውን ብዙ መቶ ትንንሽ ሰሌዳዎች በየተራ በማዞር፣ ከባሕር ማዶ በመጣ የሐር ፈትል ነው። ተግባሩ መቅደሱን ከምእመናን ዓይን መጋረድ ነበርና፣ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚያሳርፈው በእርሱ ላይ ነበረ። በላዩም ዘውድ የጫነ ንጉሥና ንግሥት ከነአጃቢዎቻቸው ተሥለውበታል።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ንጉሡ ዐፄ በካፋ፣ ንግሥቲቱም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ከእነዚህም ወገን ሥዕሉ የንጉሡን የኀዘን ሥርዐት ያሳያል የሚሉ ይገኛሉ። ሌሎች ደግሞ ነገሩ በግምት እንጂ በጽሑፍ ማስረጃ ያልጸና ስለ ሆነ ስም መስጠቱ ችኮላ ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ፣ በ1723 ዓ.ም. ባሏን በሞት አጥታ ከሕፃን ልጇ ከኢያሱ ጋር የመንግሥቱን ሸክም የተሸከመችው፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ያሠራችው፣ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችው ይህች እቴጌ፣ በምትሰጠው መብዓ ላይ የራሷን መልክና ጸሎቷን አብራ ማኖር ልማዷ እንደ ነበረ ለሚያስተውል ሰው፣ የመጀመሪያው አስተያየት ይበልጥ ሚዛን ይደፋል። ሚስት ለባሏ ነፍስ መታሰቢያ ልብስ ለቤተ ክርስቲያን መስጠቷ በአገራችን ትውፊት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህንም ለመረዳት ጎንደር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጎብዬም ሆነ በሌላው የአማራ ገጠር፣ ሴቶች ጥጡን በመዳመጫ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው ማጉን ለሸማኔ ያቀብላሉ፤ ሸማኔውም ጕድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ፣ እግሩን ከታች እያፈራረቀ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ይሠራዋል። ነጠላው ስስ ነው፤ ጋቢው አራት ድርብ ነው፤ ቡልኮው ከጋቢም የወፈረ የብርድ ልብስ ነው። የተፈተለው ግን ለገበያ ብቻ አይደለም፤ ልጅ አባቷን ጋቢ ታለብሳለች፣ እናት ለምትዳር ልጇ ኩታ ታዘጋጃለች፣ ለአራስም ለክርስትና ልጅም ይሰጣል፤ ስእለቷ የደረሰላት ደግሞ ለታቦቱ መጋረጃ ታገባለች። የክረምት ማታ በእንዝርት ያመሸ እጅ ያወጣው ልብስ፣ የሰጪዋን ጊዜ በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ፣ ተቀባዩ በገንዘብ ብቻ ከተገዛ ስጦታ አብልጦ ያከብረዋል።

ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚገባው የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ የሚፈትሉትም እጆች እያረጁ ነው። በሌላ ወገን፣ በ2011 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጕንጕን ጠጕር ከለንደን ተመልሷል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጥቂት የመቅደላ ቅርሶች ወደ አገራቸው ገብተዋል። መንጦላዕቱ ግን ገና አልተመለሰም። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን በስጦታ የቀረበ ንዋይ ሊኖር የሚገባው በተሰጠበት አገር ነውና፣ እንዲመለስ የሚደረገው ጥያቄ መቋረጥ የለበትም። እስከዚያው ግን አንባቢ ሆይ፣ እናትህ ወይም አያትህ ፈትል የምታውቅ እንደ ሆነ፣ በሕይወት ሳለች ልጆችህ ሙያዋን እንዲማሩላት አድርግ፤ ለመጪው በዓልም ለወላጆችህ የምትሰጠው ጋቢ በአገርህ ሸማኔ እጅ የተሠራ ይሁን።