ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለማስገጣጠም የሚጣጣሙ ክፍሎችን መምረጥ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ የሚያስገጣጥም ሰው ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን አንድ ላይ መምረጥ ይኖርበታል። የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ካልገጠመ ግዢው ከንቱ ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 የሚገጥመው ኤኤም4 ከተባለው፣ ራይዘን 5 7600 ደግሞ ኤኤም5 ከተባለው መቀመጫ ጋር ብቻ ነው። ሚሞሪውም ይህንኑ ይከተላል፦ ኤኤም4 ዲዲአር4ን፣ ኤኤም5 ዲዲአር5ን ይቀበላል፤ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ግን በግራፊክስ ነው። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ የተለየ ካርድ መግዛት ብክነት ነው፤ ይሁንና 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ካርድ ስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም። 5600ጂ የተባለው ወንድሙ ግን አለው፤ ልዩነቱ በካርቶኑ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

በርካሽ ፓወር ሰፕላይ ገንዘብ መቆጠብ አይመከርም፤ በተለይ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሲቃጠል ሌሎቹን ክፍሎች ይዞ ሊጠፋ ይችላል።